ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም

በአዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚይዛት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም» ትላለች። 4 ወር ሙሉ መኪና ስፈልግ 23 መኪና አይቻለሁ፤ የ23ቱም ሞተር ተከፍቶ አያውቅም። ከነዚህ ውስጥ 9ኙን «ሴት ናት የነዳቻት» ተብያለሁ፤ ይህ ለእኔ ለሴቷ ገዢ ሲነገር እንደ ምስጋና ልቀበለው ወይስ እንደ ማማለያ እስከ ዛሬ አልለየሁም። አንዲት የ25 ዓመት ኮሮላ ደግሞ በዕድሜዋ የሄደችው 68 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው አሉኝ። በዓመት 3 ሺህ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆና የኖረች መኪና መሆን አለባት። የፍሬን መርገጫዋ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ያበራ ነበር።

መኪና የፈለግሁበትን ምክንያት ላሳጥረው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ በኪራይ። ትርጉምም እርማትም የሚሰጡኝ ሰዎች አራት ኪሎና ፒያሳ ናቸው። ልጄ የምትማረው መገናኛ ነው። ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን በጨለማ ሰልፍ እንይዛለን፤ ማታ ደግሞ እንቅልፍ የጣላትን ልጅ ታቅፌ፣ ቦርሳዋን በጥርሴ ነክሼ ማለት ይቻላል፣ ለሚኒባስ እጋፋለሁ። አንደኛ ክፍል ናት። ንባብ የለመደችው ጭኔ ላይ ተቀምጣ የሱቆችን ማስታወቂያ በመስኮት እያነበበች ነው። መምህርቷ «ቤት ውስጥ የሚያስጠናት ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ መንገዱን ማመስገን አማረኝ።

ገንዘቡ ግን የሚቀለድበት አልነበረም። አባቴ 30 ዓመት የመንግሥት መኪና ነድቶ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። የራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም። ሲሞት ደብረ ብርሃን ያለችውን ቤት ለእኛ ለልጆቹ ትቶ ነበር፤ ሸጠን ተካፈልናት። የእኔ ድርሻ እዚህ ከተማ ቤት አይገዛም፤ ለዓመታት ኪራይ ይበቃ ይሆናል፤ ወይም አሮጌ መኪና ይገዛል። ወንድሜ «መሬት ፈልጊበት፣ ብረት ይዝጋል» አለኝ። እናቴ ምንም አላለችም። ምንም አለማለቷ ከባድ ነበር፤ ቤቱ የእሷም ጎጆ ነበርና። የገዛሁት መኪና በሦስተኛው ወር ሞተሩ ቢያጨስ የሚጨሰው የአባቴ ቤት ነው። 4 ወር የፈጀብኝ ለዚህ ነው።

በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና ርካሽ ነገር ነው፤ ሰው ተማሪ ሳለ ይገዛዋል፣ ሥራ ሲይዝ ይጥለዋል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላብጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በገባ ቁጥር፣ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። እንግዲህ ከውጭ የማይመጣ ዕቃ እቤት ያለው ዋጋው ይወጣል። በጎረምሳነቴ «የአሻንጉሊት መኪና» እያልን የምንስቅባት ቪትዝ ዛሬ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠራለች። ሻጩም አያፍርም። ለምን ይፈር? ከ10 ዓመት በፊት የገዛትን ነድቶባት፣ አርጅታበት፣ በብዙ እጥፍ ሊሸጣት ነው። መኪና እንደ ወይን ጠጅ ሲቆይ የሚወደድባት አገር ናት።

ምርጫው ራሱ ብዙ አላስቸገረኝም። በዚህ ከተማ አስተማማኝ ማለት የማይበላሽ ማለት አይደለም፤ ሲበላሽ ዕቃው ሶማሌ ተራ የሚገኝ፣ የሚሠራውም ሰው በየሰፈሩ ያለ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ከቶዮታ ጋር የሚወዳደር የለም። የአውሮፓ መኪና ወንበሩ ይመቻል፣ መንገድ ላይ ይረጋጋል፤ ነገር ግን አንዲት የመቆጣጠሪያ ገመዱ ስትቃጠል ዕቃውን ዘመድ ከውጭ በሻንጣ እስኪያመጣ ድረስ በላስቲክ ተሸፍኖ ይቆማል። እዚሁ የተገጣጠሙት የቻይና መኪኖች ዋጋቸው ቀለል ይላል፤ ገዝተው ሲሸጡም ያው ቀለል ይላል። ስለዚህ ፍለጋዬ በቪትዝ፣ በያሪስና በኮሮላ መካከል ሆነ። ቪትዝና ያሪስ በአንድ ሆድ የተኙ ናቸው። ቶዮታ በ1999 እ.ኤ.አ. ለጃፓን ገበያ ቪትዝ፣ ለአውሮፓ ገበያ ያሪስ ብሎ ያወጣት ያቺው መኪና ናት፤ ያሪስም በ2000 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች።

ነዳጁን ደግሞ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። የመንግሥት ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከመነሣቱ በፊት የቤንዚን ሊትር ከ40 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን አለፈ። ለሂሳብ እንዲመች 120 ብር እንበለው። በወር 24 ቀን ብመላለስ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 86 ሊትር ትጠጣለች፤ በሊትር 8 የምትሄደው 150 ሊትር። ልዩነቱ ከ7,500 ብር በላይ ነው። በየወሩ! ከዚያ በኋላ «ትንሽ ጨምሪና ሰፊ መኪና ግዢ» የሚለኝን ሰው መስማት ተውኩ። ደላሎቹ ቪትዝ በሊትር 20 ትሄዳለች ይሉ ነበር። ትሄድ ይሆናል፤ ጠፍጣፋ አውራ ጎዳና ላይ፣ አንድ ሰው ጭና፣ ማለዳ። በሰልፍ ቆማ ቃሊቲን የምትሻገር መኪና ግን ቆማም ትጠጣለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ እኔም ያወቅሁት ከመካኒኬ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ የሚኖረው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በሚተነፍሰው አየርም ነው። በባሕር ዳርቻ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር እዚህ ሩቡን ያህል አጥታ 50 ከፍ ቢል ነው የሚቀራት። አምስት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ነዳጅ መስጫዋ መሬት እስኪነካ ይረገጣል፤ ያን ጊዜ ቆጣቢነቷ ይረሳል። ስለዚህ ዳገት የሚበዛበት ሰው ባለ 1,300 ሲሲዋን ቢመርጥ በነዳጅ ብዙም አይጎዳም። የእኔ መንገድ ባብዛኛው ሜዳ ነው፤ ሁለቱንም ለማየት ቆረጥኩ።

ከዚያ ገበያው። ወንድሜን ይዤ ነበር የምሄደው። ወንድሜ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሁለት ዓመት ታናሼ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ካንዴላና ካርቡሬተር ቢያሳዩት አይለይም። ደላሎቹ ግን ገና ስንደርስ እጁን በሁለት እጃቸው ይጨብጡና «ጋሼ፣ ሞተሩን ይስሙት» ይሉታል። እሱም ደግ ልጅ ነውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። አንዱ ጭራሽ «እህቴ፣ አንቺ ቀለሟን እዪ፣ ሞተሩን ለኛ ተይው» አለኝ። እኔ ዘይት መለኪያውን መዝዤ በመሐረብ ስጠርግ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አባቴ ልጅ ሳለሁ ከጎኑ አስቀምጦ ያሳየኝ ነገር ነው፤ ዘይት መጥቆሩ አያስፈራም፣ ያስፈራ የሚገባው ወተት የመሰለ ሲሆን ነው። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ውኃ ከገባበት የሞተሩ ራስ ተነክቷል።

አንዲት ቀይ ቪትዝ ልቤን ወስዳው ነበር፤ መደበቅ አልችልም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ገርጂ ሄደን አየናት። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ መስታወቷ ላይ መስቀል ተንጠልጥሎ። እጄን ኮፈኗ ላይ ሳሳርፍ ሞቅ አለኝ። ባለቤቱ «አሁን ነው የተነሣሁት» ይላል፤ ሞተሩ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ ነቅቷል። በብርድ የማትነሣ መኪና የሚሸጥ ሰው ገዢ ሳይመጣ ያሞቃታልና፣ አሮጌ መኪና ሊያይ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚዳስሰው ኮፈኑን ነው። በከረጢቴ የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። በግራ በሯ ላይ ሳስጠጋው ያዘ፤ በኋላ ጎኗ ላይ ሳስጠጋው ወደቀ። ብረት ከሆነ ማግኔት ይይዛል፤ ስቱኮ ከሆነ አይይዝም። የኮፈን መክፈቻዋም በተሳፋሪው በኩል ነበር። ይህቺ ለጃፓን መንገድ በቀኝ መሪ ተሠርታ፣ በመንገድ ላይ መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ናት ማለት ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች በከተማችን ጥቂት አይደሉም፤ በደንብ ከተሠራ ዓመታት ይነዳል። በደንብ መሠራቱን ግን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ልጄን በኋላ ወንበር አስቀምጬ በማላውቀው ሰው ብየዳ ላይ መታመን አልፈለግሁም። ቀይዋ ቀረች። በማግስቱ መሸጧን ደላላው ደውሎ ነገረኝ፤ ሊያስቆጨኝ።

ስለ መካኒኬ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ ጠባብ ጋራዥ ያላቸው፣ ከ70 ዓመት ያለፉ ሰው ናቸው፤ አባቴን ያውቁት ነበር። ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው ጣሊያኖች በነበሩበት ጋራዥ መፍቻ በማቀበል ነው። «ጋሼ፣ ይህቺን መኪና እዩልኝ» ስላቸው «አምጫት ልጄ፤ በስልክ መኪና አይታይም» ይላሉ። መኪናዋ ከመጣች በኋላ ለብዙ ጊዜ ምንም አይነኩም። ቆመው ይሰማሉ። ከዚያ ኋላ ሄደው ጭሱን ያያሉ። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱ ነው፤ ይድናል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው አልቋል፤ ኪስ ይጎዳል። ነጭ ጭስ በታኅሣሥ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ እንፋሎት ነው፤ የሁላችንም አፍ ያን ጊዜ ያጨሳል። ሞተሩ ሞቆም ካላቋረጠ ግን የራዲያተሩ ውኃ እየነደደ ነው። «ብርድ ነው ይሉሻል» አሉኝ፤ «እስከ እኩለ ቀን ቆሚና ብርዱ ሲያልፍ ያልፍ እንደሆን እዪ»።

እሳቸው አጠገብ ቆሜ ያስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ፤ ቋንቋቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሜታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ፍሬቻ፣ ፓራውልት። የጋራዥ አማርኛችን እኩሌታው ከሮማ የመጣ ነው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው፤ ማርሜታ ትልቅ ድስት ነው፤ ፍሬቻ ቀስት ነው፤ ጎማ የሚለጥፈውን ልጅ እንኳ ጎሚስታ እንለዋለን። ጣሊያን ወጥቶ ቃሉ ቀረ። ከዚያ ቮልስ መጣች፣ ፔጆ መጣች፤ ታክሲ ሆና አገር ያገለገለችው ላዳ ከሩሲያ መጣች። ላዳስ ብትሆን በፊያት 124 ቅርጽ የተሠራች ስለሆነች ቋንቋው አልከበዳትም። ዛሬ የጃፓንን መኪና በጣሊያን ቃል እያከምን በአማርኛ እንከፍላለን። አንድ ወጣት መካኒክ በኮምፒዩተር ጉድለቱን አንብቦ «ሴንሰሩ ነው» ሲል ሽማግሌው «ሴንሰሩ የነገረህ እንጂ የታመመው እሱ አይደለም» ብለው መለሱለት። ወጣቱ ሳቀ፤ ግን ሄዶ እንደገና ፈተሸ፤ የአየር ማስገቢያው ቱቦ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ስለ ሰንሰለቱም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ብዙዎቹ ኮሮላዎች የሞተሩን ቫልቭና ፒስተን የሚያስማማው ነገር የጎማ ቺንጋ ነው፤ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ መለወጥ አለበት። መቼ እንደተለወጠ ሻጩ ካላወቀ፣ ገዢው ገና እንደገዛ ይለውጠው። ቪትዝና ያሪስ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኮሮላዎችም ሰንሰለት ናቸው፤ ዘይት በጊዜው ከተለወጠለት ሰንሰለት ረጅም ዕድሜ አለው። ለእኔ ዓይነት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወንድሜ መሐል ላይ አንድ ጊዜ «ለምን ኤሌክትሪክ አትገዢም? ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ» አለኝ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በየመንገዱ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉትን የቻይና መኪኖች አይቼ እኔም ተመኝቻለሁ። አዲሱ ከአባቴ ቤት ድርሻ በላይ ነው። ያገለገለው ደግሞ የባትሪው ዕድሜ ስንት እንደቀረ በጆሮ አይሰማም። ከሁሉ በላይ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ገመዱን በበረንዳ ለማውረድ የሦስት ጎረቤት የልብስ ማስጫ ማቋረጥ አለብኝ። ግቢ ያለው ሰው ያስብበት።

የገዛኋት ብርማ ያሪስ ናት፤ ባለ 1,300 ሲሲ። የአንድ ጡረተኛ መምህር ነበረች፤ ዐይናቸው ስለደከመ ማታ መንዳት ፈርተው ሊሸጧት ነው። ሄደን ስናያት የሰውዬው የመጀመሪያ ቃል «ሞተሯ ከሦስት ዓመት በፊት ተከፍቷል» የሚል ነበር። ደላላው ከኋላቸው ሆኖ ከንፈሩን ነከሰ። መምህሩ ቀጠሉ፤ ወደ ዝዋይ ስሄድ ውኃ አልቆ ፈላችብኝ፤ ቴስታታው ተስተካከለ፣ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፤ ደረሰኙ ይኸው። ካኪ ፖስታ ውስጥ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተለወጠውን ዘይት፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ ሁሉ በቀን በቀኑ በእጃቸው ጽፈው አስቀምጠዋል፤ እንደ ተማሪ ውጤት መዝገብ። ደላላው ወደ ጎን ጠርቶ «ሽማግሌው ገበያ አያውቁም፤ የተከፈተ ሞተር ብለሽ ዋጋ አስወርጂያቸው» አለኝ። የሁለቱ ወገን ደላላ መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ አራቱንም ሲሊንደር በመለኪያ ለክተው ግፊቱ ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። «የከፈተው ሰው እጅ አለው» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው። ዋጋ አስወረድኩ፤ ያወረድኩት ግን አራቱም ጎማዎች ማለቃቸውን ቆጥሬ እንጂ ሰውዬው እውነት ስለተናገሩ አይደለም።

ወረቀቱም የራሱ ሥራ አለው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመዝገብ አስጠየቅሁ። ከዚያ በፊት ካየኋቸው ሁለቱ በውክልና የሚሸጡ ነበሩ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት እንደሚሞት ስለማውቅ «ባለቤቱን በስልክ አገናኙኝ» ስል አንደኛው ሻጭ ጠፋ። ውል ለመፈራረም ስንሄድ መምህሩ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ባልና ሚስቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። 500 ብር በሊትር 120 ብር ሂሳብ አራት ሊትር ያህል ቤንዚን ነው። ሕጉ ግን ያስፈልጋል፤ ሴትዮዋ ከመፈረማቸው በፊት ብዕሩን ይዘው ቆይተው «ለሐኪም ቤት የምንሄድባት እሷ ነበረች» አሉ። ባላቸው «ልጅየዋም ልጅ ታመላልስበታለች» ሲሉ ፈረሙ። እኔ የምለው ጠፋኝ።

ለእናቴ ያሳየኋት ቅዳሜ ነው። ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞረች፤ ጎማውን በእግሯ ነካ አደረገች፤ አባቴ እንደሚያደርገው። ከኋላ ወንበር ተቀመጠችና «በሩ በደንብ ይዘጋል» አለች። በዚሁ ጉዳይ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። የባልትና ዱቄት ልታስፈጭ ስትሄድ ግን አሁን ታክሲ አትጠራም።

መዝገቡን እኔ ቀጥዬበታለሁ፤ በመምህሩ ደብተር፣ ከእሳቸው መስመር ቀጥሎ። የመጀመሪያው 30 ሊትር 396 ኪሎ ሜትር ሄደልኝ፤ በሊትር 13.2 መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዝናብና መጨናነቅ ስለበዛበት 12 እንኳ አልሞላም። ካንዴላዎቹን አስለወጥኩ። ጎማ ሁለቱ ተገዝቷል፤ ሁለቱ በሚቀጥለው ወር፤ ያውም እርማቱን የሰጠኝ ሰው በጊዜው ከከፈለኝ። ልጄ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ ትተኛለች፤ ቃሊቲ ስንደርስ ነቅታ ማስታወቂያ ማንበብ ትጀምራለች። ትናንት «ጎሚስታ» የሚለውን ጮክ ብላ አንብባ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።